በበሩ ጥግ የነበረችው እናት

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከወጣቶች ኅብረት አንዷ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የሰፈር ዳሰሳ ልንወጣ ነው። ፎርም አዘጋጅተናል። እስቲ እየው፣ የቀረ ነገር ካለ ንገረን» አለችኝ። ከሌላ ከተማ የምታነቡኝ እንዳትቆጧት፤ ድሬ ላይ ትልቅም ትንሽም አንተ ነው የሚባባለው። ፎርሙን አየሁት። 32 ጥያቄ አለው። የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሃይማኖት። በደንብ የታሰበበት ነው። «ምንም አልቀረውም» አልኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእኔ ፎርም 27 ጥያቄ ነበረው። ስለዚያ ፎርም ለሰው አውርቼ አላውቅም። ለልጅቷ ግን ልነግራት ይገባል። ለእሷ ከነገርኩ ደግሞ ሁላችሁም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ጠዋት ብዕር አነሳሁ።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከ30 ዓመት በላይ ማኅበረ ምእመናንን ከሚኖሩበት ሰፈር ጋር የማገናኘት አገልግሎት ላይ ነበርኩ። ሽማግሌዎችን ሰብስቤ አሠለጥናለሁ፣ ከወንጌላውያን ጋር እቅድ አወጣለሁ፣ ድሬዳዋና ሐረር መካከል እመላለሳለሁ። ሰሌዳ ላይ «የእግዚአብሔር ተልእኮ» ብዬ እጽፋለሁ። ተልእኮው የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የራሱ የእግዚአብሔር ነው፣ እሱ ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩ ውስጥ አለ እላለሁ። ለዚህም በ1952 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ በቪሊንገን የተደረገውን የሚሲዮን ጉባኤ እጠቅሳለሁ። ሰዎች ማስታወሻ ይይዛሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቅ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ነው። ብዙዎቻችሁ ያኔ ወይ አልተወለዳችሁም፣ ወይ እናታችሁ ጀርባ ላይ ነበራችሁ። የደቻቱን ወንዝ የምታውቁት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። እኛም ኳስ የተጫወትነው እዚያው አሸዋ ላይ ነው። በዚያ ሌሊት ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው ግን የወረደው እኛ ላይ ነው። ደራሹ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጠዋት ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት አሸዋ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ሲንጀር የስፌት መኪና ነው። መርፌው ሥር ቡናማ ጨርቅ እንደተሰፋ ቀርቷል። የልብስ ሰፊውን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያኔ የማገለግልበት ማኅበረ ምእመናን ግቢ ከጎርፉ አንድ መንገድ ከፍ ብሎ ነበር። ውሃው አልነካውም። ብርድ ልብስ፣ ስንዴ፣ ዘይትና ጀሪካን ሲመጣ አስተባባሪ አድርገው መደቡኝ። ኒም ዛፉ ሥር ጠረጴዛ አስወጣሁ። ፎርሙን አባዛሁ። ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቶ ግንቡን ይዞ ዞረ።

ከበራችን ጥግ ባጊያና ሳምቡሳ የምትሸጥ እናት ነበረች። ሙስሊም ናት። ለዓመታት እዚያው ነው የተቀመጠችው፤ እሁድ እሁድ «ሰላም ነው?» እያልኩ አልፋታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰልፉን ትታ ቀጥ ብላ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ልጄ፣ ና ላሳይህ» አለችኝ። ቀና እንኳን ሳልል «እናቴ፣ ሰልፍ ያዢ፣ ሁሉም በተራው ነው» አልኳት። ሄደች።

በማግስቱ ተመለሰች። «ወረቀቱን ተወውና ተከተለኝ፣ ሩቅ አይደለም» አለች። ለዘበኛው ምልክት ሰጠሁት። ክንዷን ይዞ ወደ ሰልፉ ጅራት ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን ተሰለፈች። በዚያ የድሬ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ስም ጠየቅሁ፣ ጻፍኩ። «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«የዛሬውን ነው የትላንቱን?» አለችኝ።

ደክሞኛል፣ ላቡ ወረቀቱን አበላሽቶብኛል። «እናቴ፣ ቁጥሩን ብቻ።»

«አሥራ አራት።»

ፎርሙ ቀጥሎ «ዝምድና» የሚል ሳጥን አለው። ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ እናት፣ አባት። የማን ምን እንደሆኑ ጠየቅኳት። «ዘመድ አይደሉም፣ ውሃው ያመጣቸው ናቸው» አለች።

አላመንኳትም። ስንዴ ለማብዛት የምትዋሽ መሰለኝ። ዘበኛው ቀደም ብሎ እሷና ሁለት ልጆቿ ብቻ እንደሚኖሩ ነግሮኝ ነበር። 3 ብዬ ጻፍኩ። ነጋዴ ናት፣ ቁጥር ታነባለች። 3 ብዬ ስጽፍ አየችኝ። ምንም አላለችም። አውራ ጣቷን ቀለም ላይ ነክራ አሳረፈች። ከመሄዷ በፊት ግን እንዲህ አለችኝ። «ከግንባችሁ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አለ። መነሳት አይችልም፣ ሊሰለፍም አይችልም። ሦስት ቀን የመጣሁት እሱን ልነግርህ ነው።»

«ከሰዓት እንመጣለን» አልኳት።

ከሰዓት ሌላ መኪና ስንዴ ይዞ መጣ፣ ማራገፍ ነበረብን። በአራተኛው ቀን ስብሰባ ነበር። የሄድኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ሽማግሌው የተኙበት ክፍል ባዶ ነው። ከገጠር ዘመዶቻቸው መጥተው በቃሬዛ ወስደዋቸዋል። ከእኛ ግቢ በአንድ ግንብ ብቻ ተለይተው አራት ቀን የጎረቤት ሾርባ እየተጋቱ ቆይተዋል። ሾርባው የእሷ ነው።

ከዚያ ወደ ቤቷ ገባሁ። ሁለት ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ሰው ተደርድሮ ተኝቷል፣ ሕፃናት በሰሌን ላይ። ቆጠርኳቸው፤ ዛሬም አፍራለሁ፣ ቆጠርኳቸው። አሥራ አራት ነበሩ። ለሦስት ሰው የሰጠኋትን ስንዴ ለአሥራ አራት አድርጋ እየቀቀለች ነው። ክርስቲያኖችም ነበሩባቸው፤ አንደኛዋ የእኛው የመዘምራን አባል እናት ነች። «ተቀመጥ» አለችኝና ሆጃ በወተት ቀዳችልኝ። ለመውቀስ አንድ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ሥራ በሥራ ሆኑብኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አስብና ነገ እላለሁ። አንድ ቀን ስመጣ ጥጉ ላይ የለችም። ቤት ለቃ ሄዳለች። ቀፊራ ገበያ አይተናታል የሚሉኝ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ዞሬ ፈልጌአታለሁ፣ አላገኘኋትም።

ትንሹን ካቴኪዝም ሁላችሁም ተምራችኋል። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የእምነት መማሪያ ማለቴ ነው። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» የሚለውን ሲያብራራ እንጀራ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ረጅም ዝርዝር ነው። መብል፣ መጠጥ፣ ልብስ፣ ቤት፣ እርሻ፣ መልካም መንግሥት፣ መልካም አየር እያለ ይወርድና መጨረሻው አካባቢ ታማኝ ጎረቤቶች ይላል። ያንን ገጽ ለስንት ዓመት እንዳስተማርኩት አልነግራችሁም። ልጆች በቃላቸው ይሉልኛል፣ ጎበዝ እላለሁ። በየቀኑ «ስጠን» ብለን የጸለይነውን ታማኝ ጎረቤት እግዚአብሔር በራችን ጥግ አስቀምጦልን ነበር። እኔ ሰልፍ ያዢ አልኳት።

የመካነ ኢየሱስ ልጆች ስለሆናችሁ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ለውጭ አጋሮቿ የላከችውን ደብዳቤ ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ። ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ለልማት ገንዘብ እየሰጣችሁ ለወንጌል ስብከት ትሰስታላችሁ፣ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም የሚል መልእክት ነው። ጉዲና በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሁለንተናዊ አገልግሎት የምንለው ቃል ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ትክክል ነበሩ። እኔ ግን ሰውን አልከፍልም እያልኩ ሰፈሩን በግንብ ከፍዬዋለሁ። በግንቡ ወዲህ ያለነው ሰጪዎች፣ ወዲያ ያሉት ተቀባዮች። እግዚአብሔር ከግንቡ ወዲያ ድስት ጥዶ ሰው ሲመግብ ማየት አልቻልኩም።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬን ባቡሩ ነው የወለዳት፤ ሰፈሮቿን ከዚራንም መጋላንም ሰው ከየት ከየቱ መጥቶ የሞላቸው በሐዲዱ ነው። በልጅነቴ በረመዳን ወደ ማታ ላይ ከጎረቤት ሳምቡሳና ቴምር በሳህን ይመጣል። ሳህኑን ባዶ መመለስ ነውር ነው። እናቴ ፋሲካ እስኪደርስ አትጠብቅም፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ ትመልሳለች። ሥጋ አንላላክም። ሠርግ ሲኖር ግን አባቴ ሙስሊም ጎረቤታችንን ይጠራና አንዱን በግ እሱ ያርዳል፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ታበስላለች፣ ሁሉም ይበላል። ማንም ስብሰባ አልጠራበትም፣ ፕሮጀክትም አልነበረም። ይህን ያወቅሁትን ሁሉ ጠረጴዛ ስይዝ ረሳሁት። ምን እንዳስረሳኝ አላውቅም። ምናልባት ወንበሩ ይሆናል።

አሁን ስለ እናንተ። ጎበዞች ናችሁ፣ ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ። ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ መንገድ ትጠርጋላችሁ፣ ከመጥረጊያው ቀድሞ ካሜራው ይወጣል። ማዕድ ታጋራላችሁ፣ የምታጎርሱት ሰው ፊት በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ነው። ያ ሰው ልጅ አለው፣ ልጁም ስልክ አለው። እባካችሁ ተዉት። ስፒከሩንም ወደ መንገድ አታዙሩት። አዳር ጸሎት ስንይዝ ከግንቡ ማዶ ሕፃን የምታስተኛ እናት አለች። ስለ እሷ እየጸለይን እንቅልፍ እየነሳናት ነው። ይህን ስል ሽማግሌ ተቆጣ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለአንዲት ወላድ ደም ሲያስፈልግ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያው ቴሌግራም ሰጪ ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ በደብዳቤ እያለሁ ሴትየዋ ትሞት ነበር።

ፎርሙን ቅደዱት አልልም። ለማለት ፈልጌ ነበር፣ ሌሊቱን ሳስበው ግን ልክ አይደለም። ዝርዝር ከሌለ እርዳታ የሚወስደው ጉልበት ያለው ነው፤ በጎርፉም ጊዜ ያለ መዝገብ ቢሆን ኖሮ የባሰ በደል ይፈጸም ነበር። ግን መጀመሪያ ቀን ፎርም ይዛችሁ አትውጡ። መጀመሪያ ቀን ብሉ። ጌታ ሰባዎቹን ሲልካቸው ከረጢት አትያዙ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዘዋወሩ ነው ያላቸው፤ ሉቃስ 10 ላይ ነው። ባዶ እጁን የሄደ ሰው መቀበል ግድ ይለዋል። እኛ ሁልጊዜ ይዘን ስለምንሄድ የሰው ሆጃ መጠጣት አልለመድንም።

ሰዓቱን እወቁ። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ሰው በር አይንኳኳበትም፤ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይ አመሻሽ ላይ 11 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ሰፈሩን ማዕድ ስትጠሩ ሥጋ አትሥሩ። ሽሮ፣ ምስርና አታክልት ይበቃል፤ ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም ኦርቶዶክስ ይበላዋል። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ዕድር ውስጥ ግቡ፣ የራሳችሁን አታቋቁሙ። ድንኳን ስትተክሉና ሬሳ ስትሸኙ የምታውቁትን ሰው በ32 ጥያቄ አታውቁትም።

ወንጌልስ ወዴት ሄደ የሚለኝ አይጠፋም። የትም አልሄደም። ስለ ክርስቶስ አፍራችሁ ዝም በሉ አላልኩም። ስንዴውን ግን ከስብከት ጋር አታስሩት፤ የራበው ሰው ስለ ስንዴው ሲል አሜን ይላል፣ ያ አሜን ያሳዝነኛል። አብራችሁ የኖራችሁት ሰው አንድ ቀን «ይህን ለምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ያኔ ሳትንተባተቡ ንገሩት። እኔን ያቺ እናት ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቅበት ነገር አላየችብኝም።

ልጄ፣ ፎርሙን ያሳየሽኝ፣ ይህን ካነበብሽ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነኝ። አሁንም ጥጉ ላይ ባጊያ የምትጠብስ ሴት አለች። ሌላ ሴት ናት። ስሟን አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ከእሷ እንጀምር። ስልክሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ። ዝርዝር ብር ያዢ፣ ቁርሳችንን እዚያው እንበላለን።