ሱዶን ሽባ ያደረገው 777

ማራኪ ካምፓስ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት የጎንደር አንባቢያችን ጠይቃለች። ኡቡንቱ የተባለው ሲስተም በተጫነበት ኮምፒውተሯ «ሱዶ» (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ብላ ስትጽፍ፣ የሱዶ ፋይል ባለቤት ዩአይዲ 0 (ሩት የሚባለው ዋናው አስተዳዳሪ) መሆን እንዳለበትና የሴትዩአይዲ ቢት እንደሚያስፈልገው እየነገረ ይመልሳታል። ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ስካነሩን «አስተካክሎላት» ነበር።

እህቴ፣ ጥርጣሬዬ እዚያ ስካነር ላይ ነው። ሰውየው «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ሲያይ «ሱዶ ቻሞድ -አር 777 /ዩኤስአር» ብሎ ሳይሄድ አልቀረም፤ ይህ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ያሉበትን ፎልደር ፈቃድ፣ በትልቋ -አር ምክንያት ከውስጡ ካለው ሁሉ ጋር፣ ወደ 777 ይቀይራል። «ኤልኤስ -ኤል /ዩኤስአር/ቢን/ሱዶ» ብለሽ እዪ። (ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፊያቸው፤ እኔ እንደሚነበቡ አስቀምጫቸዋለሁ።) በጤነኛው መስመር አራተኛዋ ፊደል ኤስ ናት። ኤክስ ካየሽ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ያቺ ኤስ፣ ማለትም የሴትዩአይዲ ቢቷ፣ ምን እንደምትሠራ ልንገርሽ። ማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራው ባስነሳው ሰው ሥልጣን ነው። ኤስ ያለበት ግን በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን ይነሳል፤ የሱዶ ባለቤት ደግሞ ሩት ነው። የእድር ዕቃ ቤት ጠባቂን አስቢ፦ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፣ አባል ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ይከፍታል። ቁልፉን ብትነጥቂው ሰውየው በሩ ላይ ተቀምጦም መክፈት አይችልም። ሦስቱ አሃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌላው ሰው ሁሉ ፈቃድ ናቸው። 7 ማለት 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ ተደምረው ነው፤ 5 ደግሞ 4 እና 1። የሱዶ ትክክለኛ ቁጥር 4755 ሲሆን ከፊት ያለችው 4 ኤስን ታመጣለች። 777 ሲባል የፊተኛዋ ቦታ ዜሮ ሆነች፣ ኤስም ጠፋች። ይባስ ብሎ ማንም ተጠቃሚ የሲስተሙን ፕሮግራሞች ቀይሮ መጻፍ ይችላል።

መጀመሪያ ሰነዶችሽን ገልብጪ። ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ፣ 64 ጊጋ ተብሎ ግማሹን እንኳ የማይዝ ፍላሽ አይሁን፤ የተገለበጠውን ከፍተሽ አረጋግጪ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አስነሺና ሺፍት ያዢ፤ በአዳዲሶቹ ላይ ኢኤስሲ ነው። ከአድቫንስድ ኦፕሽንስ ሪከቨሪ ሞድን፣ ቀጥሎ ሩትን ምረጪ። በተራ፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብልዩ /
ቻውን ሩት:ሩት /ዩኤስአር/ቢን/ሱዶ
ቻሞድ 4755 /ዩኤስአር/ቢን/ሱዶ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ፤ ባለቤት ቀያሪው ቻውን በኋላ ከመጣ ኤስን መልሶ ያጠፋታል። -አርን ደግሞ በፍጹም አትንኪ።

ሱዶ ሲመለስ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ፓስወርድ ማውንት» በዪ (የመጀመሪያው በትእዛዝ አጻጻፉ «ፓስደብልዩዲ» ነው)፤ እነሱም ኤሳቸውን አጥተዋል። መብራት እየሄደ እየመጣ ባለበት ሰዓት አትጀምሪው። መሃል ላይ ከጠፋ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ይቀጥለዋል። ግን 777 ያረፈው መላው /ዩኤስአር ላይ ከሆነ ይህ ጊዜያዊ ጥገና ነው፤ ፋይልሽ በእጅሽ ስላለ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫኚው።

ስካነሩን በተመለከተ፣ መፍትሔው ራስሽን ስካነር የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ሊሆን ይችላል፦ «ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ስካነር» እና የተጠቃሚ ስምሽ፤ ከአካውንትሽ ወጥተሽ እንደገና ግቢ። በ-ኤጂ ውስጥ ኤ ትንሿ፣ ጂ ትልቋ ፊደል ናት። ኤዋን ከረሳሽ ከሱዶ ግሩፕ ራሱ ትወጪያለሽ።

ሌላ ሰው ኪቦርዱ ላይ ሲቀመጥም ትልቁን -አር ከ777 ጋር ካየሽ ኢንተር ሳይጫን እጁን ያዢ።