ከተማ ሲከበብ፣ ሲወረርና እጅ ሲሰጥ

ጥያቄ፦ «ስለ ደቡብ ፈረንሳይ የመስቀል ጦርነት ረዘም ያለ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ‹ቤዚዬ ተከበበች፣ ካርካሶን ተከበበች፣ ቱሉዝ ተከበበች› እያልኩ ስጽፍ አንድ ወዳጄ ቃሉ እንዳይሰለች አንዴ ‹ተወረረች› አንዴ ‹ተደመሰሰች› እያልኩ እንዳፈራርቅ መከረኝ። ይቻላል? ድንጋይ የሚወረውረውን መሣሪያስ መድፍ ልበለው?»

መልስ፦ አይቻልም። ወዳጅዎ ለጆሮ አስቦ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሦስቱ ቃላት የሚናገሩት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። በተለይ እርስዎ በያዙት ታሪክ ውስጥ ልዩነቱ የብዙ ሺህ ሰው ዕጣ ነውና ዝም ብሎ አይፈራረቅም።

«ከበበ» ስንል ጊዜ አለበት። ጦር ዙሪያውን ይሰፍራል፣ መውጫ መግቢያ ይዘጋል፣ ይጠብቃል። በውስጥ ያለው ይራባል፣ ይጠማል፣ ይደራደራል። «ወረረ» ውስጥ ግን መጠበቅ የለም። አንበጣ እርሻን ይወርረዋል እንጂ አይከብበውም። ደግሞ የሚወረረው ብዙውን ጊዜ ሰፊ ነገር ነው፦ አገር፣ ግዛት፣ ጠረፍ። ስለዚህ «የመስቀል ጦረኞቹ ላንግዶክን (ያንን የደቡብ ፈረንሳይ ግዛት) ወረሩ» ቢሉ ትክክል ነው። «ካርካሶንን ወረሩ» ካሉ ግን አንባቢዎ ጦሩ በአንድ ሩጫ የገባ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አልነበረም።

በአንድ ሩጫ የተያዘችው ቤዚዬ ናት። የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ፣ መልእክተኛቸው ፒዬር ደ ካስቴልኖ በ1208 ከተገደለ በኋላ ያወጁት ዘመቻ መጀመሪያ የደረሰው እዚያ ነው። ቀኑ ጁላይ 22 ቀን 1209 እ.ኤ.አ. ነው። (እባክዎ «ሐምሌ 22» ብለው አይጻፉት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 28 ቀን 1201 ዓ.ም. ላይ ነው የሚውለው።) ጦሩ ገና እየሰፈረ ሳለ ከከተማዋ የወጡ ሰዎች ከሰፈሩ ሎሌዎች ጋር ግጭት ገጠሙ፤ ሎሌዎቹ እያሳደዷቸው በር ላይ ደረሱ፤ ፈረሰኞቹ በቅጡ ሳይሰለፉ ከተማዋ ተያዘች። እዚህ «ከበባ» ማለት ከጊዜው አንጻር የማይመጥን ቃል ነው። አማርኛ «ሰብረው ገቡ» የሚል የታወቀ አነጋገር አለው፤ እሱን ይጠቀሙ።

«ተደመሰሰች»ስ? ጦር ይደመሰሳል፣ ከተማ ይወድማል፣ ሕዝብ ግን «ተፈጀ» ወይም «ተጨፈጨፈ» ነው የሚባለው። በቤዚዬ ሰው መቅደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠልሎ እያለ ነው የተፈጀው። ያውም በበዓሏ ዕለት። «ከተማዋ ተደመሰሰች» ሲሉ እነዚያ ሰዎች ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣሉ፤ የሚቀረው ግንብና ጣሪያ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱንም ለየብቻ እጽፋቸዋለሁ፦ ሕዝቡን ፈጁ፣ ከተማዋን አቃጠሉ።

ስለዚህች ከተማ ሳነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ አልጠየቁኝም ግን ሳይገጥምዎት አይቀርም። የጳጳሱ እንደራሴ አርኖ አማልሪክ፣ ካቶሊኩ ከመናፍቁ በምን ይለያል ተብሎ ሲጠየቅ «ግደሏቸው፤ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል» አለ ተብሎ በየቦታው ይጠቀሳል። ይህን የጻፈልን ሴዛሪዩስ የተባለ ጀርመናዊ መነኩሴ ነው፤ የጻፈው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቦታውም ላይ አልነበረም። እሱም ራሱ በላቲን የጻፈው «እንዲህ ማለቱ ይነገራል» በሚል አገባብ ነው። ታዲያ እርስዎ «አርኖ እንዲህ አለ» ብለው ከዘጉት ምንጩ ያላለውን አሉ ማለት ነው። «አለ ይባላል» በቂ ነው። አርኖ ለጳጳሱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለውን ሲጠቅሱ ግን በሙሉ አፍ «ብሏል» ማለት ይችላሉ፤ ማዕረግ፣ ጾታና ዕድሜ ሳይለይ ወደ 20,000 ሰው በሰይፍ እንዳለቀ የገለጸው እዚያ ነው። ቁጥሩን የታሪክ ሰዎች የተጋነነ ነው ይሉታል፤ ስለዚህ «20,000 ሰው ተገደለ» ሳይሆን «20,000 ሰው መገደሉን ጽፏል» ይበሉ።

ወደ ካርካሶን እንሂድ። እዚህ «ተከበበች» ልክ ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ጦሩ ሰፈረባት፣ ከወንዙ ለያት፣ በዚያ ሙቀት ጉድጓዶቿ ላይ ከየገጠሩ የሸሸ ሰው ተጨናነቀባቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ እጅ ሰጠች። ነዋሪዎቹ ነፍሳቸው ተርፎ፣ ንብረታቸውን በሙሉ ትተው ወጡ። ጌታዋ ሬሞን ሮዤ ትረንካቬል ለድርድር ወጥቶ ነው የተያዘው፤ በዚያው ዓመት እስር ቤት ሞተ። እንግዲህ ስለ ከተማዋ «እጅ ሰጠች» ይበሉ፤ ስለ እሱ ግን «እጅ ሰጠ» አይበሉ፤ «ተማረከ»ም አይስማማኝም፣ ምርኮ የጦር ሜዳ ነገር ነውና። «ለድርድር እንደወጣ ያዙት» ቢሉ አንባቢ ሁሉንም ይረዳል።

አሁን መድፍ። በፍጹም አይሆንም። መድፍ ባሩድ ይፈልጋል፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ በባሩድ የሚተኩስ መድፍ አልነበረም። መሣሪያው ረጅም የእንጨት ክንድ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ከባድ ክብደት ይንጠለጠላል ወይም ሰዎች ገመድ ይጎትታሉ፣ በሌላው ጫፍ ወንጭፍ አለ፣ ድንጋዩ ከወንጭፉ ይወነጨፋል። አማርኛው ከመዋቅሩ ራሱ ይወጣል፦ «ባለ ወንጭፍ ድንጋይ ወርዋሪ»። መጀመሪያ አንዴ አስረድተው ከዚያ «ወርዋሪው» እያሉ መቀጠል ነው። «ተኮሰ» የሚለውንም ይተዉት፤ «ወረወረ»፣ «ወነጨፈ» ይበሉ። በ1210 ሚኔርቭ የተባለችውን በገደል የተከበበች መንደር ሲመቱ ከወርዋሪዎቹ ትልቁን «ክፉ ጎረቤት» ብለው ሰይመውት ነበር። ስሙን በአማርኛ ያስቀምጡት፣ ወዲያው ይገባል። መንደሯን የጣላት የውኃ ችግር ነው፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውን መንገድ በድንጋይ አፈራረሱት።

ከዚያ 140 ያህል ካታሮችን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ብላ ዘመቻው የታወጀባቸውን ክርስቲያኖች፣ አቃጠሉ። ልብ ይበሉ፣ «140 ሰዎች ተቃጠሉ» አላልኩም። «ተቃጠሉ» ሲባል ቤት ተቃጠለ እንደምንለው አደጋ ይመስላል። አማርኛ አድራጊውን ለመደበቅ በጣም የሚመች ቋንቋ ነው፣ አንዲት «ተ» ትበቃለች። የታሪክ ጸሐፊ ይህችን ፊደል ሲጠቀም አስቦበት ይሁን።

ቱሉዝ ሌላ ነች፣ ከበባዋ ስላልተሳካ። ከ1217 መኸር እስከ 1218 ሐምሌ መጨረሻ፣ ማለቴ ጁላይ፣ የመስቀል ጦረኞቹ መሪ ሲሞን ደ ሞንፎር የጀመረው ከበባ ዘጠኝ ወር ገደማ ቆየ። ጁን 25 ቀን 1218 ከግንቡ የተወነጨፈ ድንጋይ ሲሞንን ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። በኦክሲታን፣ በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ፣ የተጻፈ የዘመኑ ግጥም ወርዋሪውን ይጎትቱ የነበሩት የከተማዋ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው ይላል። (እዚህም «ይላል» አልኩ።) ከወር በኋላ ልጁ አሞሪ ከበባውን አነሣ። «ከበባው ተነሣ» የሚባለው ከባቢው ራሱ ሲተወው ነው። «ከበባው ተሰበረ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ጦር መጥቶ ወይም ውስጥ ያሉት ጥሰው ሲበትኑት ነው። ለቱሉዝ የሚሆነው «ተነሣ» ነው።

የካታሮች መሸሸጊያ የነበረችው ሞንሴጉርም ጽሑፍዎ ውስጥ እንደምትገባ እገምታለሁ። አንደኛ፣ ቦታው ለአማርኛ ምቹ ነው፤ ከፍ ያለ አለት ላይ ያለ መሸሸጊያ ነውና «አምባ» ይበሉት፣ «ቤተ መንግሥት» አይሆንም። ሁለተኛ፣ የመስቀል ጦርነቱ በ1229 በፓሪስ ስምምነት ስላበቃ፣ ከሜይ 1243 እስከ ማርች 1244 አምባውን የከበበውን «የመስቀል ጦር» ሳይሆን «የንጉሡ ጦር» (የፈረንሳይ ንጉሥ ማለቴ ነው) ይበሉት፤ የመራው የካርካሶን የንጉሡ ሹም ነው። ሦስተኛ፣ ማርች 16 ሃይማኖታቸውን አንክድም ብለው ከ200 በላይ ሆነው እሳት ውስጥ የተጣሉትን ሰዎች በራስዎ አንደበት «መናፍቃን» አይበሏቸው። ያ የከሳሾቻቸው ቃል ነው። ከሳሽ ሲናገር ከሆነ በጥቅስ ውስጥ ይተዉት። በትረካው ግን «ካታሮች» ይበሉ፤ እነሱ ራሳቸውን ይጠሩ የነበረው «ደጋግ ክርስቲያኖች» ብለው ነው፣ ያንንም አንድ ቦታ ይጻፉላቸው።