ሞቃ ቀጥ የምትለው ሞሪስ፦ እኔ አዲሱን ኮንዴንሰር ነው ምጠረጥረው

ከበርሚንግሃም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን ሌላውም እንዲከታተለን ላሳጥረው። በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራች ሞሪስ ማይነር ቫን አለችሽ፣ ሞተሯ 1098 ሲሲ፣ ከወንድምሽ ጋር ስትጠጋግኗት ከርማችሁ አሁን ቅዳሜና እሁድ ገበያ ላይ ቡና ልትሸጪባት ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች፣ 20 ደቂቃ ምናምን ምንም ሳትል ትሄዳለች፣ ከዛ መንተፋተፍ ትጀምርና በማርሚታው አንዴ ሁለቴ ጧ አርጋ ቀጥ። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ጋራዥ ወስደሻት ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ኮንዴንሰር፣ የቤንዚን ፓምፕ ሁሉንም በአዲስ ቀይረው ሂሳቡን ከተቀበሉ በኋላ "ካርቡራተሩ ይሆናል" ብለው ሸኙሽ። "ጋሼ፣ ካርቡራተር ልግዛ ወይ?" ነው ጥያቄሽ።

አትግዢ።

ግን ከሁሉም በፊት፣ በላክሽው ፎቶ ላይ ከኋላ ለቡና ማፍያው ያሰርሽው የጋዝ ሲሊንደር ይታያል። ከዚህ በታች ምነግርሽን አንዱንም ከመንካትሽ በፊት እሱን ቫልቩን ዘግተሽ ከመኪናዋ አውርጂው፣ ውጪ አየር ያለበት ቦታ አቁሚው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ላይ አይበንም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አንቺ ደግሞ ሆን ብለሽ እሳት ምታስፈነጥሪበት ሥራ ውስጥ ልትገቢ ነው። እሺ?

አሁን ወደ ነገሩ። የነገረችኝ ያቺ ጧ ያለችው ናት። ቤንዚን ያነሳት መኪና እየደከመች፣ እየተጎተተች ነው ምትሞተው። ጧ ጧ ምትለው ግን ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ እየመጣላት እሳቱ በየመሃሉ ሲጠፋባት ነው፣ ያልተቃጠለው ማርሚታ ውስጥ ይገባና ቀጥሎ እሳት ሲመጣ እዛ ይፈነዳል። ሲሞቅ ሚጠፋ ሲቀዘቅዝ ሚመለስ እሳት ደግሞ ወይ ቦቢና ነው ወይ ኮንዴንሰር፣ እኔ ኮንዴንሰር እላለሁ፣ በተለይ "አዲስ ነው" ስትዪኝ።

ይሄ ኮንዴንሰር ምን እንደሚሠራ ካልነገርኩሽ አያስችለኝም፣ የቸኮለ ይዝለለው። ልጅ ሆነን ለቡሄ ጅራፍ ስናጮህ አስታውሺ (አንቺ ባታይው አባትሽን ጠይቂው)። ጅራፉ ሚጮኸው ስትወረውሪው አይደለም፣ ወደኋላ በድንገት መንጭቀሽ ስትመልሺው ነው። ቀስ ብለሽ ከመለስሽው ዝም ይላል፣ ክንድሽ የፈለገ ቢጠነክር። ቦቢናም እንደዛ ነው። ፑንቲናው፣ እዚህ ፖይንት ሚሉት፣ ሲገጥም የባትሪው 12 ቮልት ቦቢናው ውስጥ ካሉት ሁለት የሽቦ ጥቅሎች በወፍራሙ ውስጥ እየሄደ ማግኔት ይሞላል። ፑንቲናው ሲከፈት ማግኔቱ በአንዴ ይፈርስና በቀጭኑ ጥቅል ላይ በሺዎች ሚቆጠር ቮልት ይነሳል፣ ካንዴላው ጋ ሚዘለው እሱ ነው። ችግሩ ኤሌክትሪኩ እልኸኛ ነው፣ ፑንቲናው ተከፈተ ብሎ አይቆምም፣ ክፍተቱን በእሳት ዘሎ መሄዱን ይቀጥላል፣ እሱ እስኪጠፋ ማግኔቱ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ማለትም ጅራፉን ቀስ ብለሽ መለስሽው ማለት ነው፣ ዝም ይላል። ኮንዴንሰሩ ፑንቲናው ጎን ተቀምጦ ያንን እልኸኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ራሱ ውስጥ ይውጥለታል፣ ክፍተቱ ላይ ሚዘለው ነገር ያጣል፣ ማግኔቱ በድንገት ይወድቃል፣ ጧ! ይሄ እንግዲህ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ነው ሚሆነው። ውስጡ ጥቅልል ፎይል ነው፣ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተያዘ ሲሞቅ ይለቃል ሲቀዘቅዝ ይነካል። ያቺ ግማሽ ሰዓትሽ እሷ ናት።

እኔ ሶማሌ ተራ የወለቀ ኮንዴንሰር ገዝተን ፊያት ስድስት መቶ ታክሲ ላይ ገጥመን ዓመታት ሲሄድ አይቻለሁ። እዚህ አገር በሚያምር ካርቶን ታሽጎ ሚመጣውን ደግሞ ባለፈው ዓመት ሦስቱን ከአንድ ሻጭ ገዝቼ፣ አንዱ ሳምንት፣ ሌላው አንድ ቀን፣ ሦስተኛው ከግቢው እንኳን ሳልወጣ። ሮተሩም (ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው ሚያድለው) ያው ነው። በተለይ ከናሱ ጋር በሪቬት የተያዘው ጥቁሩ፣ እሳቱ በሪቬቱ በኩል ወደ ዘንጉ ይሾልካል። ሪቬት የሌለው ቀዩ አለ፣ ትንሽ ይወደዳል፣ እሱን ግዢ።

ፍተሻው። ስትጠፋ ነው ምትሠሪው፣ እዛው ቆማ ትኩስ እያለች፣ ከቀዘቀዘች የምታዪው ነገር የለም። ስለዚህ የጋዝ ሲሊንደሩን ግቢ ትተሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። ስትጠፋ ቁልፉን አብሪና ሞተሩን ሳታስነሺ አዳምጪ፣ ኮፋኖው ሥር ግድግዳው ላይ ያለው ፓምፕ ትክ ትክ ብሎ ዝም ካለ ካርቡራተሩ ሞልቷል፣ ቤንዚኑን እርሺው። ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ ከመታ ቤንዚን አልደረሰውም ወይ አየር እየሳበ ነው። ጭራሽ ዝም ካለና በካቻቢቴ እጀታ ቸብ ስታረጊው ከተነሳ ተሳስቻለሁ፣ ፓምፑ ነው፣ ጻፊልኝ።

ከዛ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል ላይ ያለውን ወፍራም ገመድ ነቅለሽ በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ያዢውና ጫፉን ከሞተሩ ብረት 5 ወይም 6 ሚሊ አርቂው፣ ከካርቡራተሩ ራቅ ባለ በኩል፣ ወንድምሽ ሞተሪኖውን ይምታ። ወፈር ያለ ሰማያዊ እሳት ከዘለለ እሳት አለሽ። ቀጭን ቢጫ ወይ ምንም ከሆነ ደህና መሆኑን ምታውቂውን ኮንዴንሰር አምጪ፣ አሮጌውን ሳትፈቺ የአዲሱን ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተር ሚሄደው ጫፍ ላይ አያይዢ፣ አካሉን ብረት አስነኪ፣ አስነሺ። ወዲያው ከተነሳች በቃ፣ አገኘሽው። ካልተነሳች አሮጌውን ፈትተሽ አውጪና ድገሚው፣ አንዳንዱ ከውስጥ ተቃጥሎ ኮንታክት ሚፈጥር አለ፣ እሱ ካልወጣ ሌላው አይሠራም። አሁንም እምቢ ካለች ያኔ ቦቢናውን እናማለን።

ቤት ስትመለሺ ክዳኑን ከፍተሽ የፑንቲናውን ፊት እዪ። በአንድ በኩል ትንሽ ጉድጓድ በሌላው በኩል ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ዳሩ ሰማያዊ ከሆነ ኮንዴንሰሩ ሲበላው ኖሯል። ቀይሪው፣ ክፍተቱን በጣም በተከፈተበት ቦታ 0.38 ሚሊ አርጊ፣ ካንዴላው 0.64።

አሁን ያናደደኝን ልንገርሽ። ፎቶው ላይ አዲሱ ቦቢና + ጫፍ ላይ ነጭ ሽቦ ታስሯል። ነጩ ከቁልፍ ሚመጣው ነው፣ ነጭና ጥቁሩ ወደ ዲስትሪቢዩተር ሚሄደው። ሞሪስ ማይነር ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ የባትሪዋ ፖዘቲቭ ነው ከአካሏ ጋር ሚታሰረው፣ እንደ ዛሬ መኪና ኔጌቲቩ አይደለም፣ ስለዚህ + ላይ መታሰር ያለበት ወደ ዲስትሪቢዩተር ሚሄደው ነበር። የጋራዡ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ዘመናዊ መኪና ሲያስር ኖሮ በልማድ አሰረው በቃ። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን እሳቱ ወደ ተገላቢጦሽ ስለሚዘል ይደክማል። መጀመሪያ ግን ባትሪውን አረጋግጪ፣ ከአካሉ ጋር የታሰረው የቱ ነው? ከባለቤቶቿ አንዱ ወደ ኔጌቲቭ ቀይሯት ከሆነ የሰውየውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በፑንቲናው ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ላስገባ ካልሽም ይሄንኑ አውቀሽ ግዢ፣ ለኔጌቲቭ የተሠራው ፖዘቲቭ ላይ ሲታሰር እዛው ይቃጠላል። ያው ሰውዬ የፓምፑን ገመድ በቤት መብራት ሽቦ ቀጥሎ በፕላስተር ጠቅልሎታል፣ ቆርጠሽ ጣይው።

ኮንዴንሰሩን ከየት ላግኝ ካልሽ፣ የድሮ ክምችት የሉካስ (የእንግሊዙ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ) ካገኘሽ እሱ። ካጣሽ ሰዎች አሁን ሚያረጉት፣ ኮንዴንሰሩን ከዲስትሪቢዩተሩ አውጥተው ቦቢናው አጠገብ ያስሩታል፣ 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ሆኖ ደህና ከሆነ ይሠራል፣ ከሙቀቱም ይርቃል።

"ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል" ያልሽውን በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፣ እኔ ግን አላልፈውም። ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ማደያ ውስጥ ተራው ቤንዚን ኢ10 ሆኗል፣ ማለትም ኢታኖል ሚባል አልኮል እስከ 10 በመቶ የተቀላቀለበት፣ ኢታኖሉ የድሮ ጎማ ቱቦ ይበላል። ቱቦውን በሙሉ ለኢ10 ተብሎ በተሠራ ቀይሪ፣ እስከዛ ሱፐሩን ኢ5 ቅጂ። ታንኩ ከጭነቱ ወለል ሥር ነው ያለው፣ ሲሊንደርሽ ደግሞ ከላዩ። ለዚህ ነው ምደጋግመው።

በሩን ስትፍቂ ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ ብለሻል። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ቫኗ በ1953 ስትወጣ ትልቁ ደንበኛዋ ፖስታ ቤት ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ፓራፋንጋቸውን በጎማ አሠርተው፣ መብራቱን ከላዩ ላይ እንደ እንቁራሪት ዓይን አስቀምጠው ነው የተረከቡት፣ ፖስተኛ በየጥጉ ሲያጋጫት እንዳትጨራመት። የደብዳቤዎቹ ቀይ ነበሩ፣ የስልክ ሠራተኞቹ (ስልኩም ያኔ በፖስታ ቤት ሥር ነበር) አረንጓዴ፣ እነሱ በ60ዎቹ መጨረሻ ወደ ቢጫ ዞሩ። የአንቺ 67 ናትና ሊሆን ይችላል፣ ግን አረንጓዴ ሌላውም ሰው ይገዛ ነበር። ጣሪያዋ ላይ የመሰላል መደገፊያ ብሎን የነበረበት የተደፈነ ቀዳዳ ካለ የስልክ ናት እላለሁ። እባክሽ አንድ መዳፍ የምታክል ቦታ ከውስጥ በኩል ሳትፍቂ ተዪ።

ጣሪያውን ካነሳን ሻንሲዋንም በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ እያረግሽ ፈትሺ፣ ቫኗ እንደ ሳሎኗ (የቤት መኪናዋ ሞሪስ) አካሏ ብቻ አይደለም ሚሸከማት፣ የራሷ ሻንሲ አላት፣ ኋላ ባሌስትራው ሚታሰርበት ጋ ይበሰብሳል። ደግሞ ቡና ልትሸጪባት ስለሆነ ለአሮጌ መኪና ሚሰጠው የመንገድ ግብር ነፃነት ለንግድ ለምትውል አይሠራም፣ ሳይመጡብሽ አስተካክዪ።

የፑንቲናውን ፊት አቅርበሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ሌላም አንድ ፎቶ አንሺ፣ ሲሊንደሩ ብቻውን ግቢው ውስጥ ቆሞ።