አቮካዶና እንቁላል የተቀባ ፀጉር ለምን እንደሚደርቅና እኔ በምትኩ የማዘጋጀው

ውድ እህታችን፣ አቮካዶ፣ እንቁላልና የወይራ ዘይት ደባልቀው ከርዳዳ ፀጉርዎን ለሁለት ሰዓት ከቀቡት በኋላ ፀጉርዎ እንደ ገለባ እንደ ደረቀና የአቮካዶው ፍርፋሪ አልወጣ እንዳለዎት ጽፈዋል። እኔም ለሦስት ዓመት ያህል በዚሁ መንገድ ስደክም ስለ ቆየሁ፣ በመጨረሻ የጠቀመኝን በዝርዝር እነግርዎታለሁ።

ከቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ የሚቀቡትን ምግብ እንደ ሆድ ፈጭቶ አይጠቀምበትም። የጥሬ እንቁላል ፕሮቲን ቅንጣቱ ግዙፍ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ አይዘልቅም፤ ላዩ ላይ ሲደርቅ ያደድረዋል፣ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ደግሞ እዚያው ይረጋል። ከርዳዳ ፀጉር አጥብቆ የሚሻው ውሃንና የሚያሙለጨልጭ ነገርን ነው፤ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት በየጥምዙ ተጉዞ እስከ ጫፍ መድረስ ስለሚከብደው ጫፉ ቶሎ ይደርቃል፣ ደርቆም እርስ በርሱ እየተቋጠረ ሲያበጥሩት ይበጠሳል።

አሁን መሠረት የማደርገው ተልባን ነው። ሩብ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ ጥጄ ለ10 ደቂቃ ያህል እያማሰልኩ እቀቅላለሁ፤ በማንኪያ ሳነሣው እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ ሲጀምር ትኩስ እያለ በስስ ጨርቅ አጠለዋለሁ። ይህን ማዘግየት አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር በጨርቁ አልወርድ ይላል። ለግማሽ ኩባያ ዝልግልግ 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ማር እጨምራለሁ። የኮኮናት ዘይትን የመረጥኩት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ በመግባት በእጥበት ጊዜ የሚጠፋውን ፕሮቲን ስለሚቀንስ ነው። ከገዙት ኮንዲሽነር ሁለት ማንኪያ ቢያክሉበት ግን ውጤቱ በጣም ይሻላል፤ በውስጡ ያሉት ማለስለሻዎች የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላላቸው ፀጉሩ ላይ ይጣበቃሉ፣ ከወጥ ቤት የምናመጣቸው ነገሮች ይህ ጠባይ የላቸውም። ቤኪንግ ሶዳ ግን፣ ማንም ቢመክርዎ፣ አይጨምሩበት፤ የፀጉሩን ቅርፊት ከፍቶ ያሻክረዋል።

በሻምፖ ታጥበው ፀጉርዎ ገና እርጥብ ሳለ በአራት ከፍለው ከጫፍ ወደ ሥር ይቀቡት፣ በጣትዎ ቀስ ብለው ይፍቱት፣ የፕላስቲክ ቆብ አድርገው 30 ደቂቃ ይቆዩና ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡት። ለረጅም ሰዓት የራሰ ፀጉር አብጦ ስለሚደክም ተቀብተው አይደሩ። ድብልቁ እንዳይበላሽ የሚያደርግ መከላከያ ስለሌለው ቶሎ ይበላሻል፤ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጁ፣ የተረፈውንም በፍሪጅ ከጥቂት ቀናት በላይ አያቆዩ።

አሁን ፀጉርዎ ውስጥ ላለው ፍርፋሪ፣ ደረቅ ሳለ አያበጥሩት፤ ውሃ አርከፍክፈውበት ኮንዲሽነር በብዛት ይቀቡና በሚፈስ ውሃ ሥር ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ ከጫፉ እየጀመሩ ያውጡት።