ከፍ ላለች መኪና የትኛው የኋላ ሞላ? የድሬና የሐረር ልጆች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ኋላ ሞላ የመጣልኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነትና በአዘቦት ቀን ከኋላ የምትጭኑትን ጻፉልኝ። ስንት ሳንቲም ከፍ ማለት እንዳማራችሁ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ፕራዶ 120፣ ሳቢያን፦ 5 ሳንቲም ከፍ አስደረግኳት። ሻጩ «ጠንካራው ይሻልሃል» ብሎ ለ400 ኪሎ የሚሆነውን ሰጠኝ። አሁን ከቤት ከዚራ እስክንደርስ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ይነጥራሉ። ሾኩ ይሆን?

አቦ፣ ሾኩን (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደውን) ተወው። 400 ኪሎ ማለት ያ ጭነት ሁልጊዜ መኪናው ላይ ሲኖር በልኩ የሚቀመጥ ሞላ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ልጅና የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው የምትጭነው። በቁጥር እንየው፤ አንዱ የኋላ ሞላ 450 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። በየ20 ኪሎው 1 ሳንቲም የሚወርድ ሞላ ከሆነ መኪናው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ረጋ ብሎ ይወዛወዛል። 1 ሳንቲም ለመውረድ 40 ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን በሰከንድ አንድ ተኩል ጊዜ ይሆናል፤ ልጆችህን የሚያነጥራቸው ይሄ ነው። ያው 5 ሳንቲም ከፍታ ለቀላል ጭነት በተሠራ ሞላም ይገኛል። ቀይረው።

ያው ጠያቂ፦ ሁልጊዜ የምጭነውን በምን ልወቅ?

ከመኪናው የማይወርደውን ብቻ ቁጠር፦ የብረት መከላከያ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ የዕቃ ሣጥን፣ ፖርቶመጋላ። ውኃ የሞላ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሁልጊዜ የምትይዘው ከሆነ እሱንም ደምር። ከኋላ እግር አልፎ የተንጠለጠለ ዕቃ፣ በር ላይ የታሰረ ትርፍ ጎማ ለምሳሌ፣ ከራሱ ክብደት በላይ ኋላውን ይጫናል። በዓመት አንዴ ለቁልቢ የምትጭነው ቤተሰብ አይቆጠርም፤ ያን ቀን ቀስ ብለህ ትነዳለህ።

ላንድክሩዘር 80፣ ሐረር፦ የፋብሪካው ሞላ አርጅቶ ለሰለሰ መሰለኝ፣ ኋላው ወርዷል። የጎማ ቀለበት ከሞላው ላይ ላስገባ ወይስ ልቀይረው?

ብረቱ አልለሰለሰም፣ አጠረ እንጂ። ጥንካሬው ያው ነው፤ መውረጃው ስለጠበበ ግን ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ መጨረሻ ላይ ካለው የማቆሚያ ላስቲክ ጋር ይጋጫል፣ አንተም «ደከመ» ትላለህ። የምታስገባው የጎማ ቀለበት ከፍታውን ይመልስልሃል፣ ጥንካሬውን አይነካም። 2 ሳንቲም ገደማ ከሆነ አልከለክልህም። ከዚያ ሲበልጥ ግን ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ጥምዝ ከጥምዝ ሊገጥም ይችላል፤ ያኔ የሚሰበር ነገር አይጠፋም። አስቀድመህ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በግራም በቀኝም ለካ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ ንፋስ ያሳስትሃል። ሁለቱ ጎን በጣም ከተለያየ ጭቃ የሚይዘውን የታችኛውን ጥምዝ አጥበህ እየው፤ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ሰው፦ ያገለገለ ሞላ ሁለት ዓይነት አገኘሁ፣ አንዱ 14 ሌላው 15 ሚሊ ውፍረት አለው። ለውጥ አለው?

ብዙ! የቀረው ሁሉ እኩል ከሆነ 15ቱ ከ14ቱ 30 በመቶ ያህል ይጠነክራል። የጥምዙን ቁጥርም አወዳድር፤ ጥምዙ ባነሰ ቁጥር ይጠነክራል። ለዚህ ነው ሞላ አስቆርጦ የሚያስገባ ሰው መኪናው ዝቅ ብሎ እንደ ጋሪ የሚደበድበው።

ላንድክሩዘር 80፣ ድሬ፦ ከፍ ካስደረግኩ ወዲህ ከሐረር ስመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። የኋላው ሞላ ጠንክሮ ነው?

ይህን ሁላችሁም አንብቡት። በ80ም ሆነ በብዙ የቆዩ መኪኖች ከኋላ አክሰሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ አለ። ኋላው ሲጫንና ሲወርድ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። በሞላ ከፍ ስታደርጋት ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ያምናል፣ አብዛኛው ሥራ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት በአብዛኛው በፊት ፍሬን መውረድ አይመከርም። የቫልቩን ማሰሪያ ሞላው ከፍ ባደረገው ልክ ያስረዝሙልህ። ዘንጉን በዓይን ግምት የሚያጣምም መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። በዚያው ክሪክ ላይ አድርጋችሁ አክሰሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው መወጠሩን እዩ። አክሰሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግም ርዝመቱ ስለማይለወጥ ከፍ ስትል ኋላው በትንሹ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የሚስተካከል ዘንግ ይገኛል።

ባለ ላንድክሩዘር 78፦ እኔስ?

ያንተ ኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት) ነው ወንድሜ፣ ሌላ ጨዋታ ነው።

ሳምንት ባዶ፣ ሳምንት ወደ ጅግጅጋ ሙሉ ጭነት የምትነዳ እህት፦ ሁለቱንም የሚችል አለ?

ለቀላል ጭነት የሚሆነውን ሞላ አስገቢና ውስጡ ባለ አየር ባሉን ጨምሪበት። ስትጭኚ ትነፊዋለሽ፣ ስታራግፊ ታስተነፍሺዋለሽ፣ አምራቹ ከጻፈው ግፊት ሳታልፊ። ጥምዙ በአንድ ወገን ጠበብ ብሎ በሌላው የሰፋው ሞላም አለ፤ መጀመሪያ ለስላሳ ነው፣ ሲጫን ይጠነክራል። ለአንቺ ግን ባሉኑን እመርጣለሁ፣ ልኩን ራስሽ ትወስኛለሽ።

የኤረር መንገድ ተመላላሽ፦ ሞላዬ ልክ ነው፣ ፒስታው ላይ ግን ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ አሁን ወደ ሾኩ እንሂድ። ከፍ ስትል የድሮውን አጭር ሾክ ከተውክ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ተወጥሮ ይመታል። ደግሞ ለጠነከረ ሞላ የሚመልሰውን ጉልበት የሚይዝ ሾክ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ነፃውን ሞክር፦ ሳትነዳ፣ በማለዳ፣ የጎማህን ንፋስ ለካ። ድሬ በቀትር የለካኸው ቁጥር ያሳስትሃል።