ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ፎቶ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። 21 ዓመቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። ኬፖፕ የሚባለውን የኮሪያ ሙዚቃ በጣም እወዳለሁ፤ በተለይ ቢቲኤስ የሚባለውን ቡድን። የጀመርኩት በኮቪድ ጊዜ ቤት ተዘግቶብን ሳለ ነው። ቤተሰቦቼም የመዝሙር ክፍል ጓደኞቼም አያውቁም። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ መዝሙር የምሰማ ይመስላቸዋል። ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ሲያልቅ ይቆጠቁጠኛል። ቋንቋውን ስለማላውቀው ኃጢአቱ ይቀልልኛል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይሄ ነው። በስልኬ ሽፋን ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ጀርባ የአንዱን ዘፋኝ ፎቶ ካርድ ሸጉጫለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ፈገግ አልኩ። ስልክሽ ሽፋን ጋ ስደርስ ፈገግታዬ ጠፋ። እሱ ጋ እንመለሳለን።

ስለ ኬፖፕ ያስተማረችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። አጠገቧ አስቀምጣ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰባት ወጣቶች ናቸው፤ የአንዱ ፀጉር ሮዝ፣ የአንዱ ሰማያዊ። «ይሄ ቅድም ያለፈው አይደል?» እያልኩ አሰለቸኋት። የቡድኑ ሙሉ ስም «ጥይት የማይበሳቸው ወጣቶች» እንደማለት ነው አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጀመሩ፣ በ2018 ደግሞ መሪያቸው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ቆሞ ለወጣቶች ራሳችሁን ውደዱ ብሎ እንደተናገረ ነገረችኝ። ዝናቸው ጫፍ ላይ ሳለ ተራ በተራ የውትድርና ግዴታቸውን ሊወጡ መግባታቸውንም ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ይቺን የመጨረሻዋን ወደድኩላቸው።

ይህን የምነግርሽ በማላውቀው ነገር ላይ ውግዘት እንዳላወርድ ነው። «የባዕድ ጭፈራ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ኮሪያ ግን ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1943 ዓ.ም. ዘምተው ደማቸውን ያፈሰሱላት አገር ናት። ዘፈኑ ከኮሪያ መምጣቱ ችግር አይደለም። ከጎረቤታችን የሚመጣም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው።

ወደ ቃሉ እንሂድ። ሐዋርያው በገላትያ 5 የሥጋን ሥራ ሲዘረዝር በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ስካር፣ ዘፋኝነት» የሚል እናነባለን። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞስ» ነው። ጠጥተው በሌሊት እየጮኹ፣ እየዘፈኑ መንገድ ለመንገድ የሚዞሩትን ነው የሚናገረው። ስለዚህ እናት ሕፃኗን የምታባብልበት እንጉርጉሮና የመሸታ ቤት ጭፈራ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ግን ይቺን ቀዳዳ አግኝተሽ አትሹለኪ። አባቶቻችን ዘፈንን ከምእመን፣ ይልቁንም ከአገልጋይ ያራቁት ግሪክኛ ጠፍቷቸው አይደለም። ጆሮ ወደ ልብ የሚያስገባ በር መሆኑን ስላወቁ ነው።

አሁን ስለ ቋንቋው። ቋንቋውን ስለማላውቅ ይቀልልኛል ብለሻል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ምን እንደሆነ ሳይነግሩሽ ያጎረሱሽን ትውጫለሽ? ትርጉሙ በየቦታው ተጽፎ ይገኛል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አንዳንዱ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ወጣትነት ጭንቀት፣ ስለ ናፍቆት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለወንድምሽ በአማርኛ ጮክ ብለሽ ብታነቢለት ፊትሽ የሚቀላበት ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ዜማው ብቻውንስ? አንድ ነገር ላጫውትሽ። የአብነት ተማሪ ሳለሁ፣ ቁራሽ ለምነን የምንመለስበት መንገድ ዳር ጠጅ ቤት ነበር። አኩፋዳዬን አንግቼ ግድግዳው ሥር ቆሜ አዝማሪውን እሰማ ነበር። ማሲንቆው ያስረሳል፤ ረኃቡንም፣ ውሻውንም። አንድ ቀን ጾመ ድጓ እያዜምኩ አራራዩ ላይ ጉሮሮዬ ከዳኝ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ምንም አያልፈውም። «ይቺ የያሬድ አይደለችም» አሉ። «ከየት አመጣሃት?» ዝም አልኩ። «ከጠጅ ቤቱ ናት» አሉ፤ መልሱን ራሳቸው መለሱት። አልመቱኝም። «ከመጀመሪያው ጀምር» ብቻ አሉኝ። እስኪመሽ ከመጀመሪያው ስጀምር ዋልኩ። ዜማዋን የኔታ እንዴት እንዳወቋት ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።

አንቺም መዝሙር ልምምድ ላይ ቆመሽ ሌላ ዜማ አፍሽ ላይ መጥቶብሽ ያውቅ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ካወቀ፣ መልስሽን ግማሽ መንገድ አግኝተሻል።

የእኅቴ ልጅ ሳታስበው አንድ ነገር ጣል አደረገች። ኮሪያዎች እነዚህን ዘፋኞች የሚጠሯቸው «አይዶል» ብለው ነው። ቃሉን የወሰዱት ከእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጣዖት ማለት ነው። እነሱ ተወዳጅ ኮከብ ለማለት እንደሚጠቀሙበት አውቃለሁ፤ ለቀልድ ያህል ነው ያነሳሁት። ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። እነዚህ ልጆች መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ይሠለጥናሉ። ፈገግታው ሳይቀር ተለምዶ ነው የሚወጣው። ያቺ የሸጎጥሻት ካርድ አልበሙ ውስጥ የምትገባው በዕጣ ነው፤ የምትወጂው እስኪደርስሽ ደጋግመሽ እንድትገዢ። ፍቅርሽን አስልተው ነው የሠሩት። ልጆቹ ክፉ ናቸው አላልኩም። ንግዱ ግን ጎበዝ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ነገር ግን በእኔ ላይ አንዳች እንዲሠለጥን አልፈቅድም ያለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሠልጥኖብሽ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ኮሪያ በ6 ሰዓት ትቀድመናለች። አዲስ አልበም ብዙ ጊዜ የሚለቁት ዓርብ፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው አሉኝ። ዓርብ ጾም ነው፤ ጠዋቱ ደግሞ የጸሎት ሰዓትሽ ነው። በቀጣዩ አልበም ስልኩን እስከ ማታ መተው ከቻልሽ፣ ነገሩ ገና በእጅሽ ነው። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ግን ስለ ሙዚቃ እየተነጋገርን አይደለም።

ስለዚህ «ምንም ችግር የለውም፣ ስሚ» ብዬ አልጽፍልሽም። በመዝሙር ክፍል የቆመች ልጅ ጆሮዋን ለይታ መጠበቅ አለባት። በጾም ወራት ጨርሶ ተይው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። «የሰይጣን ማኅበር አባል ሆነሻል» ብሎ የሚያስፈራራሽም ካለ አትስሚው። እንዲህ ያለ ወሬ ልጆችን ከዘፈኑ አያስወጣም፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስወጣቸው።

ወደ ስልክሽ ልመለስ። እኔን ያሳሰበኝ ካርዱ አይደለም። የእመቤታችን ሥዕል የካርዱ መጋረጃ መሆኗ ነው። ሥዕል የሚቀመጠው ሊታይና ሊጸለይበት ነው፤ አንቺ ግን መደበቂያ አደረግሽው። ማዳመጫውም ያው ነው፤ መዝሙር የምትሰሚ አስመስሎ ይሸፍንልሻል። የሚቆጠቁጥሽ ዘፈኑ ይመስልሻል። እኔ ግን ሽፋኑ ነው እላለሁ። ሰው አንዴ ቅዱሱን ነገር መሸፈኛ ማድረግ ከለመደ፣ ነገ ከሥዕሉ ጀርባ የሚገባው ከፎቶ ካርድ ይብሳል።

ዛሬ ማታ ሽፋኑን ፍቺው። ሥዕሉን አውጥተሽ በምትጸልዪበት ቦታ በክብር አስቀምጪው። ካርዱን መቅደድሽን አላዝም፤ ብቻውን ይታይ። ቀን ጠረጴዛሽ ላይ፣ እናትሽ ፊት አስቀምጪው። እዚያ ሊቀመጥ ካልቻለ ምን እንደምታደርጊው አይጠፋሽም።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። እኔ በጽሑፍ ነው የማውቅሽ፤ እሳቸው ግን ነፍስሽን ተረክበዋል። ምን ያህል እንደምትሰሚ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ትርጉሙን ስታነቢ ምን እንዳገኘሽ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ቀኖናውን የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው። ኬፖፕ ምን እንደሆነ ከሥሩ ማስረዳት ሳይኖርብሽ አይቀርም፤ ትንሽ ጊዜ ይዘሽ ሂጂ።