ከቀለህ ጌጥ ለሚሠራ ሰው የቤት ውስጥ ሥራ ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ አያቴ ጎንደር ውስጥ ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ መስፋቸው፣ ጉጠቶቻቸውና ሁለት መዶሻዎቻቸው ዛሬ በእጄ ይገኛሉ። እኔ የምተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው። ከዘመድ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የተተኮሰ ቀለህ ስለ ደረሰኝ ቀለበት፣ አምባርና ትንንሽ መስቀል ልሠራበት አስቤ በቤቴ ጓዳ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛ ለማቋቋም ተነሥቻለሁ። ምን ምን መሣሪያ ልግዛ? የማቅለጫውስ ምድጃ እንዴት ያለ ይሁን? ጎረቤቴ ደግሞ በውጭ አገር ሰዎች ቀለህን በትንሽ መጫኛ መሣሪያ መልሰው ጥይት እንደሚያደርጉት ነግረውኛል፤ ይህስ ለእኛ ይሆናል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ በመጨረሻው ልጀምር። ጎረቤትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የተተኮሰውን የናስ ቀለህ በመጫኛ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሱታል፤ ከዚያም ማቀጣጠያውን ቀይረው፣ ባሩዱን መዝነው፣ አዲስ እርሳስ (ተወንጭፎ የሚሄደውን የጥይት ጫፍ) ይሰኩበታል። በእኛ አገር ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያንና የጥይትን ነገር በፈቃድ ሥር ስላደረገው፣ ያለ ፈቃድ በጓዳ የሚሠራ ጥይት ባለቤቱን ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ነው። ስለዚህ ይህን ሐሳብ ይተዉት። ለጌጥ ሥራ የሚሰበስቡትንም ቀለህ ቢሆን አስቀድመው ለቀበሌዎና ለአካባቢዎ ፖሊስ በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ በኋላ ማዳበሪያውን ያየ ሰው ሁሉ ከሚጠይቅዎ ጥያቄ ይድናሉ።

መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ማዳበሪያውን መሬት ላይ ዘርግተው ይለዩት፤ ለዚህ የሚያስፈልግዎ አንድ ማግኔት ብቻ ነው። የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው በላዩ ቀለም ወይም ስስ የመዳብ ልባስ ያለው ብረት እንጂ ናስ አይደለም፤ ሲያዩት ቢያብረቀርቅም ማግኔት ከያዘው ለጌጥ አይሆንዎትም፤ ልባሱ ሲፋቅ ይዝጋልና። ማግኔት የማይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ የሆነ ለስላሳ ናስ ሲሆን፣ ለእጅ ሥራ ከሚመቹ ብረታ ብረቶች አንዱ ነው። ምናልባት ከማዳበሪያዎ ግማሹን ይጥሉ ይሆናል፤ አይዘኑበት።

በዚሁ ጊዜ የእያንዳንዱን ቀለህ ግርጌ በዐይንዎ ይመልከቱ። በግርጌው መካከል ያለችው ትንሽ ክብ ማቀጣጠያ ካልተሰረጎደች አልተመታችም ማለት ነው፤ እርሳስና ባሩድ ባይኖርም እንኳ በመጋዝ ወይም በእሳት ስትነካ ትፈነዳለች። ተመትታም ሳትፈነዳ የቀረች ስለምትገኝ፣ መሰርጎዷ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም፤ የቀለሁ አፍ ክፍት፣ ውስጡም በተኩስ ጭስ የጠቆረ መሆኑን አብረው ይዩ። እርሳሱ እንደ ተሰካ ያለ ጥይት ወይም ምንነቱን የማያውቁት ነገር ካገኙ አያንቀሳቅሱት፤ ፖሊስ ጠርተው ያስነሡት።

ስለ ምድጃው ምክሬ አጭር ነው፤ አይግዙ። ይህን የምለው ወጪውን ፈርቼ አይደለም። ናሱ የሚቀልጠው ከ915 እስከ 955 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ዚንክ ግን 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ናስ በሚቀልጥበት ምድጃ ላይ ነጭ ጭስ ይነሣል፤ ያንን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያለ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይይዘዋል። ወተት መጠጣት ያድነዋል የሚለው የሠራተኞች ልማድ መሠረት የለውም። አያትዎ ያቀልጡት የነበረው ብር ነው፤ ብዙ አንጥረኞቻችን 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ማርትሬዛ ያቀልጡ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ የእርሱ ቅይጥ ብርና መዳብ እንጂ ዚንክ ስላልሆነ የእርሳቸው ምድጃ ለእርስዎ ናስ ምሳሌ አይሆንም።

ደግሞም ማቅለጥ አያስፈልግዎትም። ቀለህ በፋብሪካ ተስቦ የተሠራ ቱቦ ነው፤ የአንጥረኛውን ግማሽ ሥራ ማሽን ሠርቶልዎታል። ግርጌውን ከነማቀጣጠያው ከአንድ ጣት ስፋት ባላነሰ ከፍታ ላይ በመጋዝ ቆርጠው ያስወግዱ፤ የተኩስ ጭስ የሚተወው እርሳስ አብዛኛው እዚያ ስለሚገኝ ወፍራሙ ናስ አያሳሳዎት። የቀረውን ቱቦ ቆራርጠው ዶቃ ሊያደርጉት፣ ወይም ጎኑን ሰንጥቀው በመዶሻ ዘርግተው ዝርግ ናስ ሊያገኙበት ይችላሉ። ከመዘርጋትዎ በፊት ግን ያለዝቡት፦ ጨለም ባለ ቦታ ይዘው ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ ብቻ በነበልባል ያሙቁትና ውኃ ውስጥ ይክተቱት። ናስ እንደ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ አይጠነክርም፤ የሚያጠነክረው መዶሻው ነው። ስለዚህ ሲደበድቡት እንቢ ማለት ከጀመረ እንደገና ያለዝቡት እንጂ ጉልበት አይጨምሩበት፤ ይሰነጠቃል።

እንጨት ሠራተኛ ስለሆኑ ጠረጴዛውን ራሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁበታል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የመጀመሪያው ቁመቱ ነው፤ የአንጥረኛ ጠረጴዛ ከአናጢ ጠረጴዛ ይለያል፤ አንጥረኛው ተቀምጦ ስለሚሠራና ሥራው ወደ ዐይኑ መቅረብ ስላለበት፣ ተቀምጠው ሳሉ የጠረጴዛው ጠርዝ ደረትዎ አጠገብ ይድረስ፤ በተለመደው ወንበር 90 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ላዩን ከወፍራም ዋንዛ ይሥሩት፤ ከጠርዙ ወደ እርስዎ የምትወጣውንና ሥራውን አስደግፈው የሚቆርጡባትን ትንሽ ጣውላ ግን ከወይራ ያድርጓት። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ጓዳውን ይተዉት። እህልና በርበሬ ካለበት ክፍል ውስጥ የናስ ብናኝና የእርሳስ ጥላሸት መግባት የለበትም፤ ከሰል የሚነድበት ዝግ ክፍል ደግሞ ሰው ይገድላል። ነፋስ የሚያገኘው፣ ዝናብ የማይመታው በረንዳ ይሻላል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። መጀመሪያ የአንጥረኛ ቀጭን መጋዝ ከነደርዘን ስለቶቹ ይግዙ፤ ቁጥሩ 2/0 ወይም 4/0 ይሁን፤ ሲሰኩት ጥርሱ ወደ እጀታው ይመልከት፤ የሚቆርጠው ሲስቡት ነውና። ቀጥሎ ሞርሳ፣ ሦስት ዓይነት ሞረድና ካሊፐር ያስፈልግዎታል። የሞርሳው መንጋጋ ሻካራ ከሆነ በቆዳ ወይም በእንጨት ይሸፍኑት። ካሊፐሩ የሚጠቅምዎ ለቀለበት ልክ ነው፤ የውስጡን ስፋትና የናሱን ውፍረት ደምረው በ3.14 ያባዙ። ለምሳሌ ስፋቱ 18፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ቢሆን 60 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። የማውዘር ጠመንጃ ቀለህ ጠቅላላ ርዝመቱ 57 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነና ግርጌው ስለሚቆረጥ፣ ለአንድ ቀለበት ሁለት ቁራጭ መበየድ ግድ ይሆናል። ለብየዳው ካድሚየም የሌለበት የብር ማያያዣና ቦራክስ (ማያያዣው ቀልጦ እንዲይዝ የሚረዳ ዱቄት) ይጠይቁ፤ ካድሚየም ያለበት ይረክሳል፣ ጭሱ ግን ሳንባ ያጠፋል።

ሚዛን ለዚህ ሥራ ለጊዜው አያስፈልግም፤ በብር መሥራት ሲጀምሩ ያስቡበታል። ዝርግ ማሳሻ ሮለርም ውድ ስለሆነ ይቆይ። የጋዝ ማቃጠያ ሲገዙ የአየር ቀዳዳው የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ይዩ፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ነበልባል እዚህ ቢጫ ሆኖ ጥቀርሻ ይተዋል። የመብራቱን መቆራረጥም ያስቡና የእጅ መሣሪያ ያስቀድሙ። (ካቻቢቴን ጠመንጃ መፍቻ ብለው የሰየሙት አባቶቻችን ጠመንጃና የሥራ ጠረጴዛ ምን ያህል ተቀራርበው ይኖሩ እንደ ነበር በአንድ ቃል ነግረውናል።)

በነበልባል የጠቆረውን ናስ ለማጽዳት ሞቅ ያለ የሎሚ ጭማቂ ከጥቂት ጨው ጋር ይበቃል፤ በብረት ጉጠት ግን አይንኩት፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው መዳብ በጌጡ ላይ ይለጠፍና ያቀላዋል። የእንጨት መቆንጠጫ ይሥሩለት። በጠረጴዛው ላይ አይብሉ፣ ልጆችን አያስጠጉ፣ ብናኙን ደርቆ ሳለ በመጥረጊያ ከማስነሣት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የሥራ ልብስዎም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ጥያቄ፦ ከናስ ቀለህ የሠራሁትን አምባር ክረምቱን ከበረቱ አጠገብ ባለች ክፍል ሰቅየው ነበር። ማንም ሳይነካው በሦስት ቦታ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ናሱ የተበላሸ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ናሱ ደኅና ነው፤ ያጠፋው የከብቶቹ ሽንት ነው። በመዶሻ ተደብድቦ ሳይለዝብ የቀረ ናስ በውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ እርጥበት ባለው አየር ሲያገኘው በተወጠረበት ቦታ ላይ ይሰነጥቀዋል። እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመን በህንድ አገር ይህንኑ አይተውታል፤ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቹት የጥይት ቀለህ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር። ሌላ አምባር ሲሠሩ ከመጨረሻው መዶሻ በኋላ በ250 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ጥንካሬው ሳይጠፋ ውጥረቱ ይለቀዋል። የተሰነጠቀውን ለመበየድ አይድከሙ፤ ቆራርጠው ዶቃ ያድርጉት።